በሜይን የአጋማሽ ዘመን ምርጫ፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት ቆጠራ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜይን ግዛት፣ ሉዊስተን ነው። የአሜሪካ ዜግነት በቅርቡ ስላገኘሁ የ2026ቱ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ (በፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን አጋማሽ የሚደረገው) የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ሲያወራ የምሰማው ግን ግራ አጋብቶኛል። በ2018 በእኛ የኮንግረስ ክልል በመጀመሪያው ቆጠራ ሲመራ የነበረው እጩ በመጨረሻ ተሸነፈ ይላሉ። በ2010 ደግሞ አገረ ገዥው አርባ በመቶ እንኳ ሳይሞላ አሸነፈ ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው? ከሆነስ ወረቀቱን እንዴት ልሙላ? ሁለተኛ ምርጫ ባስቀምጥ የመጀመሪያዬን አይጎዳብኝም? እናቴም ዜጋ ናት፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። አብሬያት መግባት ይፈቀድልኛል?»

ምላሽ፦

የሰሟቸው ሁለቱም ነገሮች እውነት ናቸው። የሚቃረኑ የሚመስሉት ሜይን ውስጥ በአንድ ቀን፣ በአንድ የምርጫ ጣቢያ ሁለት የተለያዩ የአቆጣጠር ሕጎች ስለሚሠሩ ነው። የትኛው ሥልጣን በየትኛው ሕግ እንደሚቆጠር ካወቁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ከግራ መጋባቱ ከፊሉ የመጣው ከቋንቋችን ነው። «አብላጫ ድምፅ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን፦ ከሌሎቹ እጩዎች ከእያንዳንዳቸው በልጦ መገኘትን፣ እንዲሁም ከተሰጠው ድምፅ ሁሉ ከግማሽ በላይ ማግኘትን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያስቀመጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ያገኘ ያልፋል፣ ግማሹን መሙላት አይጠበቅበትም። ሁለት ሰው ብቻ ሲወዳደር በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ሦስተኛ እጩ ሲገባ ግን ይለያያሉ። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን «በላጭ ድምፅ»፣ ሁለተኛውን «ከግማሽ በላይ» እያልኩ እለያቸዋለሁ።

ሜይን ሦስተኛ እጩ የሚበዛባት ግዛት ናት። የግል እጩዎች ለስሙ ያህል የሚወዳደሩ አይደሉም፣ ያሸንፋሉም። ጄምስ ሎንግሊ በ1974፣ አንገስ ኪንግ በ1994 እና በ1998 በግል ተወዳድረው አገረ ገዥ ሆነዋል፤ ኪንግ ዛሬም የግል ሴናተር ናቸው። ከ1974 እስከ 2014 በተካሄዱት 11 የአገረ ገዥ ምርጫዎች ከግማሽ በላይ ያገኘ አሸናፊ የታየው በ1982 እና በ1998 ብቻ ነው። በቀሩት ዘጠኙ ምርጫዎች አብዛኛው ሕዝብ ያልመረጠው ሰው ነው ሥልጣን የያዘው። በ2010 ሪፐብሊካኑ ፖል ለፔጅ 37.6 በመቶ፣ የግል እጩው ኤሊዮት ከትለር 35.9 በመቶ፣ ዴሞክራቷ ሊቢ ሚቸል 19 በመቶ ገደማ አገኙ። ለፔጅ በሕጉ መሠረት አሸነፉ። ሆኖም የከትለርና የሚቸል ደጋፊዎች ተደማምረው ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ ሁለት ቦታ በመከፈላቸው ተሸነፉ። በየጊዜው ይህ ሲደጋገም ሕዝቡ በኖቬምበር 2016 በሕዝበ ውሳኔ፣ በ52 በመቶ ገደማ ድጋፍ፣ እጩዎችን በደረጃ አስቀምጦ የመምረጥ ሥርዓትን ተቀበለ። በአካባቢዎ «ራንክድ ቾይስ» ሲባል የሚሰሙት ይህ ነው።

ታዲያ ሕጉ የወጣው በአገረ ገዥ ምርጫ ምክንያት ከሆነ አገረ ገዥው እንዴት በዚህ ሳይመረጥ ቀረ? መልሱ 140 ዓመት ወደኋላ ይወስደናል። በ1879 የሜይን ሕገ መንግሥት አገረ ገዥ ለመሆን ከግማሽ በላይ ድምፅ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት ማንም አልሞላውም፤ ምርጫው ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ሄደ፤ የምክር ቤቱ መቀመጫ የማን እንደሆነ ራሱ አወዛገበ፤ የታጠቁ ሰዎች ዋና ከተማዋን ኦገስታን ሞሉ። በጃንዋሪ 1880 የእርስ በርስ ጦርነቱ ጀግና ጆሹዋ ቼምበርሊን የግዛቱን ሚሊሺያ ይዘው፣ ከየትኛውም ወገን ሳይቆሙ፣ ደም ሳይፈስ ሰላሙን ጠበቁ። ያ ድንጋጤ ገና ሳይበርድ፣ በዚያው ዓመት ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና አገረ ገዥ በበላጭ ድምፅ ይመረጥ ተባለ። ለግዛቱ ተወካዮችና ሴናተሮችም ይኸው ቃል ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር። እንግዲህ በሜይ 2017 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አስተያየት ሲጠየቁ፣ በደረጃ መምረጥ በአጠቃላዩ ምርጫ ለአገረ ገዥና ለግዛቱ ምክር ቤት ቢሠራበት ከዚህ የሕገ መንግሥት ቃል ጋር ይጋጫል አሉ። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በላዩም የሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል።

የፌዴራል መቀመጫዎች ግን በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ባለው በዚያ አንቀጽ አይታሰሩም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የኮንግረስ ምርጫ የሚካሄድበትን ጊዜ፣ ቦታና ሁኔታ ለግዛቶቹ ሰጥቷል፤ ኮንግረስ ሊለውጠው ይችላል እንጂ። እያንዳንዱ ፓርቲ እጩውን የሚለይበት የጁን ቅድመ ምርጫም እንዲሁ ከአንቀጹ ውጭ ነው። ስለዚህ በ2018 እና በ2022 የአጋማሽ ዘመን ምርጫዎች ክፍፍሉ ይህን ይመስል ነበር፦ በጁን ቅድመ ምርጫ አገረ ገዥም፣ የግዛት ምክር ቤትም፣ ኮንግረስም በደረጃ ይመረጣሉ። በኖቬምበር ደግሞ የአሜሪካ ሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት በደረጃ ሲመረጡ፣ አገረ ገዥና የግዛት ምክር ቤት በአንድ ምልክት፣ በበላጭ ድምፅ ይመረጣሉ።

ይህን መሸምደድ አይጠበቅብዎትም፤ ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል። ከእጩዎቹ ስም ፊት ለፊት «1ኛ ምርጫ፣ 2ኛ ምርጫ፣ 3ኛ ምርጫ» የሚሉ ዓምዶች ተደርድረው ካዩ በደረጃ ነው። ከስሙ አጠገብ አንድ ባዶ ሞላላ ክብ ብቻ ካለ አንድ ሰው ብቻ ይምረጡ፤ በዚያ ቦታ ሁለት ሰው ምልክት ካደረጉ የዚያ ሥልጣን ድምፅዎ አይቆጠርም። ከምርጫው ቀን በፊት የናሙና ወረቀቱን ከከተማው ጸሐፊ ቢሮ ወይም ከግዛቱ ድረ ገጽ አግኝተው ቤትዎ ተቀምጠው ይዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመርጥ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ዝግጅት የለም።

አሁን ወደ 2018 እንሂድ፤ ቁጥሮቹ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያስረዳሉ። የእርስዎ ክልል ሁለተኛው የኮንግረስ ክልል ነው፤ ሉዊስተንን፣ ኦበርንን፣ ባንጎርን እና ሰሜኑን አሩስቱክን ይዞ በቆዳ ስፋት ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ካሉት የኮንግረስ ክልሎች ትልቁ ነው። ኖቬምበር 6 ቀን አራት ሰዎች ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ የወቅቱ ተወካይ ሪፐብሊካኑ ብሩስ ፖሊክዊን 134,184፣ ዴሞክራቱ ጃሬድ ጎልደን 132,013፣ የግል እጩዋ ቲፋኒ ቦንድ 16,552፣ ሌላው የግል እጩ ዊሊያም ሆር 6,875 ድምፅ አገኙ። ድምሩ 289,624 ነው። ፖሊክዊን 46.33 በመቶ ይዘው ይመራሉ፤ ግማሹን ግን አላለፉም።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው እጩ ከውድድር ይወጣል፤ የእርሱ ወረቀቶች እያንዳንዳቸው በቀጣይ ደረጃ ወደተሰጠው፣ ገና በውድድር ወዳለ እጩ ይሻገራሉ። ተደምረው እንኳ ከፊታቸው ያለውን ሊደርሱበት የማይችሉ እጩዎች ካሉ በአንድ ዙር አብረው ይወጣሉ። በዚህ መሠረት ቦንድና ሆር አብረው ወጡ። በእጃቸው የነበረው 23,427 ወረቀት ነው። ከዚህ ውስጥ 10,427ቱ ሁለተኛ ወይም ቀጣይ ምርጫቸው ጎልደን ሆኖ ተገኘ፤ 4,747ቱ ፖሊክዊን። ጎልደን 142,440፣ ፖሊክዊን 138,931 ሆኑ። ልዩነቱ 3,509 ድምፅ ነው፤ ጎልደን በ50.62 በመቶ አሸነፉ።

የቀሩት 8,253 ወረቀቶችስ? እነዚህ ከሁለቱ ቀሪ እጩዎች ለአንዳቸውም የሚቆጠር ደረጃ ያልሰጡ ናቸው። በሁለተኛው ዙር ከስሌቱ ወጡ። በዚህ ጉዳይ እያንዳንዱን መራጭ ቆም ብሎ እንዲያስብበት የምፈልገው ይህን ቁጥር ነው፤ የሁለቱ ልዩነት 3,509፣ ሳይሻገር የቀረው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። እነዚያ ሰዎች ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደዋል፣ ተሰልፈዋል፣ ወረቀት ሞልተዋል። በመጨረሻው ዙር፣ በእነርሱ ክልል ማን ዋሽንግተን ይሂድ የሚለው ሲወሰን ግን ድምፃቸው አልነበረበትም። ከፊሉ አውቆ፣ ሁለቱንም ባለመፈለግ፣ የተወው ይሆናል፤ ያ መብቱ ነው። ባለማወቅ የተወ ካለ ግን ያሳዝናል።

ሥርዓቱን የሚነቅፉ ሰዎች የሚያነሱት አንድ ትክክለኛ ነጥብ እዚሁ ላይ አለ። 142,440 ከመጀመሪያው 289,624 ሲሰላ 49.2 በመቶ ገደማ ነው። ማለትም «ከግማሽ በላይ» የሚባለው እስከ መጨረሻው ዙር በዘለቁት ወረቀቶች እንጂ በመጀመሪያ በተቆጠሩት ሁሉ አይደለም። ደጋፊዎቹ ይህን ሲያድበሰብሱት ይታያል፤ ማድበስበስ አያስፈልግም፣ ሕጉ በግልጽ የደነገገው ነው። ፖሊክዊን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ ዳኛ ላንስ ዎከር በዲሴምበር 2018 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግዛቶች የግድ በበላጭ ድምፅ ይምረጡ አላለም ብለው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉት። በዚያው ምርጫ፣ በዚያው ሕግ ሴናተር ኪንግ በመጀመሪያው ቆጠራ 54 በመቶ ስላገኙ ሁለተኛ ዙር አላስፈለገም፤ አገረ ገዥ ጄኔት ሚልስ ደግሞ በበላጭ ድምፅ ሕግ ተወዳድረው፣ እንደ አጋጣሚ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብለው አሸነፉ። በ2022 ጎልደን፣ ፖሊክዊን እና ቦንድ እንደገና ተገናኙ። ያን ጊዜ ጎልደን ከመጀመሪያው ይመሩ ነበር፤ ከ50 በታች ስለነበሩ ግን እንደገና ዙር ተሄደና በ53 በመቶ ገደማ አሸነፉ። በመጀመሪያው ቆጠራ የሚመራው ሁልጊዜ ይገለበጣል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱታል።

«ሁለተኛ ምርጫ የመጀመሪያዬን አይጎዳብኝም?» ላሉት፦ አይጎዳም። ሁለተኛ ምርጫዎ የሚታየው የመጀመሪያ እጩዎ ከውድድር ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። የመጀመሪያ እጩዎ እስካለ ድረስ ከስሩ የጻፉትን የሚያየው የለም። ነጥብ አይደመርም፣ አይከፈልም፤ ወረቀትዎ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ድምፅ ብቻ ነው። «ለምወደው ብቻ ደጋግሜ ብሰጠው ይጠናከራል» ብሎ በሁሉም ዓምዶች አንድን ሰው የሚያጠቁር ብዙ ነው። የሚቆጠረው አንዴ ነው፤ ሰውየው ከወጣ ወረቀቱም አብሮት ያበቃል።

ሌላም ማወቅ የሚገባዎት አለ። ተመጣጣኝ ኃይል ያላቸው ሦስት እጩዎች ሲኖሩ፣ ሁሉም ሰው በሁለተኛነት የሚቀበለው መካከለኛ እጩ የመጀመሪያ ደረጃ ድምፁ አንሶ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። በኦገስት 2022 በአላስካ ልዩ ምርጫ የሆነው ይኸው ነው። ኒክ ቤጊች ከሜሪ ፔልቶላም ከሣራ ፔሊንም ጋር አንድ ለአንድ ቢገጥሙ እንደሚያሸንፉ የድምፅ መዝገቡ ያሳያል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ሦስተኛ በመሆናቸው ግን ወጡ። ይህ የሥርዓቱ እውነተኛ ድክመት ነው። ለአንድ መራጭ የሚሰጠው ምክር ግን አይለወጥም፤ ከልብዎ የሚመርጡትን አንደኛ ያድርጉ፣ ከዚያ እስከ ታች ይውረዱ።

አሞላሉ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በሰንጠረዡ ስሞቹ ወደ ታች፣ ደረጃዎቹ ወደ ጎን ናቸው። በእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ክብ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ሰውም አንድ ክብ ብቻ ያጥቁሩ። በአንድ ዓምድ ሁለት ሰው ካጠቆሩ፣ ለምሳሌ ሁለት ሰው «1ኛ» ካደረጉ፣ ወረቀቱ እዚያ ዓምድ ላይ ሲደርስ ለዚያ ሥልጣን ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥሩ ተሞልቶም ቢሆን አይታይም። አንድ ዓምድ ባዶ ቢዘሉ ችግር የለውም፣ ቆጠራው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁለት ዓምድ በተከታታይ ከዘለሉ ግን እዚያ ይቆማል። ስለዚህ «ይሄን ሰው በፍጹም አልፈልግም» ብሎ አንደኛን ሞልቶ፣ ሁለተኛንና ሦስተኛን ትቶ፣ የማይፈልገውን አራተኛ ላይ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። የማይፈልጉትን ዝም ብለው ይተዉት፣ ሌሎቹን ግን በቅደም ተከተል ይሙሉ። አራት እጩ ካለ ሦስቱን ደረጃ መስጠት አራቱንም ከመስጠት ጋር ውጤቱ አንድ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ተራ የሚደርሰው ሌሎቹ ሁሉ ከወጡ ነውና። ማን እስከ መጨረሻ እንደሚዘልቅ እርግጠኛ ካልሆኑ፣ ከዋናዎቹ ሁለት ፓርቲዎች እጩዎች ቢያንስ አንዱ በዝርዝርዎ ውስጥ የሆነ ቦታ ይኑር። በ2018 እነዚያን 8,253 ወረቀቶች የጎደላቸው ይህ ነበር።

ከተሳሳቱ አይሰርዙ፣ አይፋቁ፣ ቀስት አይሳሉ። ወረቀቱን ለምርጫ አስፈጻሚው መልሰው «ተበላሽቶብኛል» ይበሉ፤ አዲስ ይሰጥዎታል። የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በየምርጫው የሚያጋጥም ነው። በባዶ መስመር ላይ የሰው ስም መጻፍ ከፈለጉ ደግሞ ሰውየው አስቀድሞ ራሱን ለግዛቱ ያስመዘገበ መሆን አለበት፤ ያለዚያ አይቆጠርም።

በ2026 ወረቀትዎ ላይ ምን ይመጣል? ኖቬምበር 3፣ ማክሰኞ ነው። ጄኔት ሚልስ ሁለት ተከታታይ ዘመን ስለያዙ የአገረ ገዥው ቦታ ክፍት ነው። የሴናተር ሱዛን ኮሊንስ መቀመጫ ዘመኑ ያበቃል። በእርስዎ ክልል ጎልደን እንደገና እንደማይወዳደሩ በኖቬምበር 2025 አስታውቀዋል። ለሁለት ዓመት የሚመረጡት 151 የግዛት ተወካዮችና 35 የግዛት ሴናተሮች በሙሉ ይመረጣሉ፤ እንደ ሸሪፍ ያሉ የካውንቲ ሥልጣኖችና የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄዎችም ይኖራሉ። የግዛቱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ገንዘብ ያዥና ምርጫውን የሚመራውን የግዛት ዋና ጸሐፊ ስም ቢፈልጉ አያገኙትም። ሜይን ውስጥ በመላ ግዛቱ ሕዝብ የሚመርጠው የአስፈጻሚ ሹም አገረ ገዥው ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የግዛቱ ምክር ቤት በዲሴምበር ሲሰበሰብ በምስጢር ድምፅ ይመርጣቸዋል። ስለዚህ ለግዛት ተወካይ የሚሰጡት ድምፅ ዐቃቤ ሕጉንም ይወስናል ማለት ነው፤ ያንን ክፍል ባዶ አይተዉት። የጁኑን ቅድመ ምርጫ በተመለከተ፣ ከ2024 ጀምሮ በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገበ መራጭ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት መርጦ መውሰድ ይችላል።

ምዝገባ በሜይን ቀላል ነው። በፖስታ ከሆነ ከምርጫው 21 ቀን በፊት፣ ማለትም እስከ ኦክቶበር 13 መድረስ አለበት። በአካል ከሆነ ግን ቀነ ገደብ የለውም፤ በምርጫው ቀን፣ በምርጫ ጣቢያው ተመዝግበው ወዲያው መምረጥ ይችላሉ። ይህ መብት ከ1973 ጀምሮ ያለ ነው፤ በ2011 የግዛቱ ምክር ቤት ሊያስቀረው ሲል ሕዝቡ በዚያው ኖቬምበር በ60 በመቶ ገደማ መለሰው። ማንነትንና አድራሻን የሚያሳይ ነገር ይያዙ፤ መንጃ ፈቃድ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የቤት ኪራይ ውል ይሆናል። ማስረጃ ቢጎድልዎት እንኳ እንዲመርጡ ይደረጋል፤ ወረቀትዎ ግን ምልክት ይደረግበትና ይቆጠራል፣ ውጤቱ በጣም ተቀራርቦ ዳግም ቆጠራ ከተጠየቀ ብቻ ይመረመራል። ጣቢያዎች ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ከተማው ይከፈታሉ፤ የሚዘጉት ሁሉም ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 8። በዚያ ሰዓት ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ይመርጣል።

በፖስታ ለመምረጥ ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም። ጥያቄው እስከ ኦክቶበር 29፣ ሐሙስ ለከተማው ጸሐፊ መድረስ አለበት። የተሞላው ወረቀት ደግሞ ኖቬምበር 3 ምሽት 2 ሰዓት ሳይሞላ ጸሐፊው እጅ መግባት አለበት። ብዙ ድምፅ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፦ የፖስታ ቤቱ ማህተም ቀን ዋጋ የለውም፣ የሚታየው የደረሰበት ሰዓት ነው። የመጨረሻው ሳምንት ከገባ ፖስታ ሳጥን ውስጥ አይክተቱት፤ ራስዎ ወስደው ለጸሐፊው ቢሮ ያስረክቡ ወይም ከተማው ባቆመው የምርጫ ሣጥን ያስገቡ። በፖስታው የውጭ ገጽ ላይ መፈረምንም አይርሱ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለእርስዎ ሳይሆን ግሪን ካርድ ብቻ ላላቸው ዘመዶችዎ ነው። ከዜጋ በቀር ማንም አይመዘገብም፣ አይመርጥም። በመንጃ ፈቃድ ቢሮ ወይም በመንገድ ላይ ቅጽ ይዞ የመጣ ሰው በቅንነት «ልመዝግብዎት?» ቢላቸው «ዜጋ አይደለሁም» ይበሉ። ሳያውቁ የፈረሙበት ቅጽ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያስከለክል፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። የዜግነት ቅጹ «ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቃሉ?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል።

እናትዎን በተመለከተ፣ አዎ፣ አብረው መግባት ይችላሉ። የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ ማየት የማይችል፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። የሚከለከሉት አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል፣ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ብቻ ናቸው። ልጅ መሆን ይበቃል። ለአስፈጻሚዋ «እናቴ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ እኔ እረዳቸዋለሁ» ይበሉ። ውስጥ ስትገቡ ሥራዎ ማንበብና እናትዎ ያሉትን ማጥቆር ነው፤ ለማን እንደሚሰጡ መምከር ወይም መጎትጎት አይፈቀድም። የናሙና ወረቀቱን ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ በአማርኛ እያነበባችሁ ብትጨርሱ፣ በተለይ የደረጃ ሰንጠረዡን፣ ጣቢያው ውስጥ አምስት ደቂቃ ይበቃችኋል።

በመጨረሻ የውጤቱ ሌሊት። ሜይን ምርጫ የምታስፈጽመው በካውንቲ ሳይሆን 500 በሚሆኑ ከተሞችና መንደሮች ነው፤ ከትንንሾቹ ብዙዎቹ በእጅ ይቆጥራሉ። በዚያ ሌሊት እያንዳንዱ ከተማ የሚያሳውቀው አንደኛ ምርጫዎችን ብቻ ነው። ደረጃው የሚሰላው በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሹን ያለፈ ከሌለ ወረቀቶቹና የቆጠራ ማሽኖቹ ሜሞሪዎች ታሽገው በመኪና ወደ ኦገስታ ይጓዛሉ፤ በእጅ የተቆጠሩትም እዚያ በስካነር ይነበባሉ። በ2018 ምርጫው ኖቬምበር 6፣ የመጨረሻው ውጤት ኖቬምበር 15 ነበር። በ2022 ከኖቬምበር 8 እስከ 16 ወሰደ። እንግዲህ ኖቬምበር 3 ሌሊት ቴሌቪዥኑ ላይ የአገረ ገዥውን ቁጥር ሲያዩ ማን ቀደመ ብለው ይጠይቁ። የሴኔቱንና የተወካዩን ሲያዩ ግን 50 በመቶን ያለፈ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ከሌለ ሁለተኛ ምርጫዎ ገና አልተነበበም፣ ሳምንት ያህል ይጠብቁ።